ፍሬ ያልያዘ አገዳ

ፍሬ ያልያዘ የማሽላ አገዳ ይጣፍጣል። ይህን በኮምቦልቻ ዙሪያ ያለ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ልጆችም ያውቁታል፤ ራሱ፣ ዛላው ማለት ነው፣ ባዶ የሆነውን እየመረጡ ይሰብራሉ። ለምን እንደሚጣፍጥ ግን የነገረኝ ወንድሜ ነው። ወንድሜ አሁን የለም። ስለ እሱ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ተነስቻለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በአባቴ ሱቅ ጨርቅ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ መጻፍ ሥራዬ አይደለም። ከየት እንደምጀምርም አላውቅም ነበር። ከአገዳው ልጀምር።

ወንድሜ በዕድሜ ብዙ ይበልጠኛል። አዲስ አበባ ሄዶ ስለ ዕፅዋት ተማረና ተመረቀ፤ ከዚያ ኮምቦልቻ ተመደበ። በዚያ የአብዮት ዘመን ሰው የሚሠራበትን ቦታ አይመርጥም ነበር፤ ይመደባል። አሰብም ሊሆን ይችል ነበር፣ ጋምቤላም። እናቴ ኮምቦልቻ ሲሆን ዱዓዬ ደረሰ አለች። ከደሴ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት መውረድ ብቻ ነው፤ ጠዋት የወረደ ማታ ቤቱ ይገባል። እሱም እዚያ ክፍል ተከራየ እንጂ ሐሙስ ማታ ወጥቶ ዓርብን ከእኛ ጋር ያሳልፍ ነበር፤ በምትኩ እሑድን ይሠራል። ቤታችን ቧንቧ ውሃ የሚባለው የደሴ ሰፈር ነው። ደጁ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ በሩን ሳያንኳኳ ጫማውን ነበር የሚመታው፤ የኮምቦልቻን አቧራ ሲያራግፍ እናቴ ድምፁን ሰምታ ትነሳለች።

መሥሪያ ቤቱ በቦርከና ወንዝ ዳር አንድ የታጠረ ግቢ ነበረው። ወንድሜ ከየቀበሌው የሰበሰበውን የማሽላ ዘር እዚያ በየረድፉ ዘራ። ሥራው ምን እንደሆነ ለቤተሰብ ማስረዳት ከባድ ነበር። እናቴ ለጎረቤት "ግብርና ነው" ትላለች። አባቴ "መንግሥት ነው" ይልና ወሬ ይቀይራል። እኔ አንድ ቀን ግቢው ድረስ ወርጄ ቁርጡን ጠየቅሁት።

"ወንድምዬ፣ ግን ምንድነው የምትሠራው?"

"አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቀው" አለኝ። "ካርቦኑ የት ሄደ?"

"የምን ካርቦን?"

"ከሰል ምንድነው? ካርቦን ነው። ዛፉ ከየት አመጣው? ከመሬት እንዳይመስልህ። ከአየር ነው።"

ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ቅጠል አየር ያስገባል፣ ውሃ ከሥር ይመጣል፣ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል። ለፈተና ሸምድጄ ጽፌዋለሁ። እሱ የሚጠይቀው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነበር። ቅጠሉ ቀን ከሠራው ስኳር ከፊሉን ወደ ስታርች ለውጦ ያስቀምጣል። ሌሊት መልሶ ይፈታውና ወደ አገዳው ይልከዋል። ከአገዳው ወደ ራሱ ይወጣል፣ ፍሬ ይሆናል። ዝናብ እስከ መጨረሻው ከዘነበ ነገሩ ቀላል ነው።

"ዝናቡ ቀድሞ ከቆመስ?" አልኩት።

"እሱ ነው ጥያቄው። አንዳንዱ ማሽላ አገዳው ውስጥ ያለውን አውጥቶ ለፍሬው ይሰጣል። አንዳንዱ ይዞት ይቀራል። የሚሰጠው የትኛው እንደሆነ ካወቅን፣ ዝናብ በጎደለ ዓመትም ሰው የሚበላው ያገኛል።"

ያን ጊዜ ከአንድ ረድፍ ላይ ብቅ ያለውን ራስ ሁሉ በቢላ ይቆርጥ ነበር። የግቢው ጥበቃ፣ ከገጠር የመጡ ሽማግሌ፣ ራሳቸውን ይዘው ጮኹ።

"አስተግፊሩላህ! አንተ ልጅ፣ ምን በደለህ? እህል እኮ ነው!"

"አውቃለሁ አባቴ። ለማየት ነው።"

"ሳይቆረጥ አይታይም?"

ከሳምንታት በኋላ ስወርድ ከዚያ ረድፍ አንድ አገዳ ሰብሮ ልጦ ሰጠኝ። "ቅመስ" አለኝ። ስኳር ነበር። ቀጥሎ ራስ ካለው ረድፍ ሰጠኝ፤ ውሃ ውሃ ይላል።

"የመጀመሪያው የሚሄድበት ስላጣ ነው የጣፈጠው" አለኝ።

በእሱና በአባቴ መካከል ችግር የመጣው ከዚህ አይደለም። ለሥራው ከሚጠቀምበት አልኮል ነው።

ቅጠል ተቆርጦም መሥራቱን አያቆምም። ወንድሜ እንደነገረኝ፣ የያዘውን ስኳር ራሱ እየበላ ይቆያል፤ ስለዚህ ሲቆረጥ የነበረውን ለማወቅ ከተፈለገ ባለበት እንዲቆም ወዲያው መግደል ያስፈልጋል። የሚገደለው በፈላ አልኮል ነው። ወንድሜ በግቢው ውስጥ በላምባ ምድጃ ላይ ውሃ ያፈላል፤ ውሃው ውስጥ የአልኮል ብልቃጥ ያቆማል፤ ከቅጠሉ በትንሽ ክብ ብረት እየበሳ ያወጣና ይጥልበታል። አረንጓዴው ይወጣና አልኮሉ ይቀለማል፤ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስኳሩ ወደ አልኮሉ ይገባል። ስታርቹ ነጩ ቅጠል ውስጥ ይቀራል፤ አዮዲን ሲነካው ይጠቁራል። ፀሐይ ስትጠልቅ የተቆረጠው ይጠቁራል። ጎህ ሲቀድ የተቆረጠው ይፈዛል። ሰዓት እላፊ ስለነበር ንጋቱን ለመድረስ ከጥበቃው ጋር ግቢው ውስጥ ያድር ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ንጹሕ አልኮል ከአዲስ አበባ ይላክለት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቆመ። ለምን እንደቆመ የነገረው የለም፤ በዚያ ጊዜ ብዙ ነገር ሳይነገር ይቆም ነበር። ወንድሜ ደብዳቤ ጻፈ፣ ጠበቀ። ማሽላው ግን አይጠብቅም። ራስ አውጥቶ ፍሬ መያዝ ጀመረ። ስለዚህ ወንድሜ ጀሪካን ይዞ አረቄ ቤት ሄደ። ዳግም የሚባለውን ብርቱ አረቄ ይገዛና በመሥሪያ ቤቱ የብርጭቆ ቱቦ እንደገና ያነጥረዋል፤ ሲያወጣው ቀድሞ ይላክለት እንደነበረው ያለ ይሆናል።

አንድ ጊዜ አብሬው ገባሁ። ሻጯ በዕድሜ የገፋች፣ ሻሽ ያሰረች ክርስቲያን ሴት ነበረች።

"መጣህ ጓድ ቅጠል?" አለችው። ኮምቦልቻ ውስጥ ስሙ እንዲህ ሆኗል ለካ።

"መጣሁ እትዬ። ያለፈው ውሃ በዝቶበታል።"

"ውሃ! አንተ በምን አወቅህ? ቀመስከው እንዴ?"

"ለኮስኩት። አልነድ አለኝ።"

"ወይ ጉድ! አረቄ ስሸጥ የሚጠጣም አይቻለሁ፣ የሚደፋም አይቻለሁ። የሚለኩሰው አንተ ብቻ ነህ።" ወደ እኔ ዞረች። "ይሄስ? ይቀምሳል ወይስ እሱም ይለኩሳል?"

"ወንድሜ ነው። ተይው።"

"ግድየለም። የሁለታችሁም ፊት የውሃ ሰው ፊት ነው።"

እየሳቅን ወጣን። ሌላ ቀን ግን ብቻውን ከዚያው ቤት ጀሪካን ተሸክሞ ሲወጣ፣ ከደጋን ከተማ የሚመለስ አንድ የደሴ ሰኞ ገበያ ነጋዴ ከመኪና መስኮት አየው።

አባቴን ላስተዋውቅ። አባቴ በዚያው ሰኞ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል። የእሱ አያት ከየመን ባሕር ተሻግረው ጨርቅ ተሸክመው የመጡ ናቸው ይባላል። በቤታችን አልኮል የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም። ሽቶው እንኳ ያለ አልኮል የተሠራው ነው። እኛ ልጆች ስንቆስል እናቴ የምታጥበን በጨው ውሃ ነው። አባቴ በገበያው የሚታወቀው ደግሞ በቃሉ ነው። እሱ "ነገ ይመጣል" ያለው ዕቃ ነገ ይመጣል። ነጋዴ ሲጣላ "እሱ ይማልና እንለፈው" ይላሉ፤ ከማለ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ስለዚህ አባቴ አይምልም ነበር። በዕድሜዬ ሲምል የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ዓርብ ነበር፤ ከጁሙዓ በኋላ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ነጋዴዎች ተቀምጠዋል። ወንድሜ ሰላም ሊል መጣ። አባቴ ሰላምታውን መለሰና፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ ጠየቀው።

"ኮምቦልቻ አረቄ ቤት ትገባለህ የሚሉት እውነት ነው?"

ወንድሜ ውሸት አይችልም። "እውነት ነው አባባ" አለ።

"ትጠጣለህ?"

"ወላሂ አልጠጣም።"

"ታዲያ በጀሪካን የምትወስደው ለምንድነው?"

"ቅጠል አፈላበታለሁ።"

አንድ ቅመም ነጋዴ ከጎን ሆኖ "ጌሾ ነዋ!" አለ።

ደጃፉ በሙሉ ሳቀ። ጌሾ የጠላና የአረቄ ቅጠል ነው፤ ማን አይስቅም? እኔም ሳቁ ሊያመልጠኝ ነበር። ወንድሜ ራሱ ፈገግ አለ፤ ያ ነው የበለጠ ያበላሸው። አባቴ ፊቱ ተለወጠ። አልጮኸም። ክንድ መለኪያ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "ወላሂ፣ ያ ነገር በእጅህ እያለ ከደጄ አትገባም" አለ።

ሳቁ ቆመ። ነጋዴዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ቅመም ነጋዴው "ኧረ እኔ ቀልዴን ነው" አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ በዚህች አንዲት ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እናቴ ሳምንቱን ሙሉ አልቅሳ ሸሁን አስጠራች። ሸሁ የሰፈራችን ታላቅ ሰው ናቸው፤ ቀልድ ይወዳሉ። አባቴን እፊታቸው አስቀመጡት።

"ልጁ ይጠጣል?"

"አልጠጣም ይላል። አምነዋለሁ።"

"ታዲያ የሚሰክረው ማነው? ቅጠሉ?"

አባቴ አልሳቀም።

"እሺ" አሉ ሸሁ። "መነገጃ ቢያደርገው ሌላ ነበር። ለምርመራ በሚውለው ላይ ዑለማዎች ይከራከራሉ፤ እኔ በሩን አልዘጋበትም። መሐላህ ግን መፍትሔ አለው። ከማለው የተሻለ ነገር ያየ ሰው መሐላውን ትቶ ማካካሻውን ከፋራ ይክፈል ነው የተባለው። ድሆችን አብላ፣ ወይም አልብስ። ልጅህም ቤቱ ይግባ።"

"ሰኞ ገበያ ሙሉ ሰምቷል ሸሁ። ነገ ሌላ ነገር ስናገር ማን ያምነኛል?"

"ሰኞ ገበያ የሰማውን አላህ ሲፈታው ቅር የሚለው ገበያው ነው ወይስ አንተ?"

አባቴ ግን ከቃሉ አልተነቃነቀም። ሸሁ ዱዓ አድርገው ሄዱ።

እኔ በየሳምንቱ ከእናቴ ዘንድ ምግብ ይዤ እወርድ ጀመር። ወንድሜ በደንብ ይበላል፤ ከዚያ ስለ ቤት ይጠይቃል። እማ ጉልበቷ እንዴት ነው? የበሩ ማጠፊያ ተሠራ? አባባ ምን አለ? ይህችን መጨረሻ ላይ ነበር የሚጠይቃት።

"ተወው ይሄን አልኮል" አልኩት አንድ ቀን። "በሌላ ነገር አይሆንም?"

"ይሆናል። ግን እስካሁን የለካሁት ሁሉ በዚህ ነው። መሃል ላይ ብቀይረው ያለፈው ከሚመጣው ጋር አይነጻጸርም።" ጀሪካኑን አየት አደረገ። "አንድ ክረምት ነው የቀረኝ። ፍሬው እስኪደርስ ብቻ። ከዚያ ጀሪካኑን ባዶውን ይዤ እመጣና አባባ እግር ሥር አስቀምጠዋለሁ።"

"ተውኩት ብለህስ ብትገባ? ማን ያያል?"

ተቆጣ። "አባባ በቃሉ ቆሟል፤ እኔ ውሸቴን ይዤ ልግባበት?"

ሁለቱ እንዴት እንደሚመሳሰሉ ያን ቀን ነው የታየኝ። ይህን ለእናቴ ስነግራት "አንድ ጨርቅ ናቸው፣ መቀስ የሚበግራቸው አልተገኘም" አለች።

ያ አንድ ክረምት የሰባ ስድስቱ ክረምት ነበር። ዝናቡ ዘግይቶ መጣ፤ ጥቂት ጣለና ሄደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያላየ የለም፤ እኔ መልሼ ለመጻፍ አቅሙ የለኝም። በአስፋልቱ ዳር ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ አንዳንዱ አይነሳም። ወንድሜ መጀመሪያ ከቦርከና በባልዲ እየቀዳ ረድፎቹን ያጠጣ ነበር። ወንዙ ሲቀጥን ሰውና ከብት ተሰለፈበት። አንድ ቀን ባልዲውን ለጥበቃው ሰጥቶ ተወው። "ሰው እየጠማው ማሽላ አላጠጣም" አለ። ጀሪካኑ ሳይጨረስ፣ ለከርሞ ተብሎ ክፍሉ ጥግ ተቀመጠ። ወደ ቤት የመግባቱ ጉዳይም እንደዚያው ቀረ።

በጥቅምት ይመስለኛል፣ ከከተማው ወጣ ብለን በእግራችን ሄድን። ማሽላው አጭር ሆኖ ደርቋል፤ ራሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሟል። ራሱ ያልጎነበሰ ማሽላ ባዶ ነው። በየማሳው ሰው ተቀምጦ አገዳ ያኝካል፤ አባት፣ እናት፣ ልጅ። ሌላ የሚቀመስ የላቸውም። አንድ ሰውዬ ቆርሶ ዘረጋልን፤ በዚያ ቀን እንኳ ሰውን እለፍ አይሉም። ወንድሜ ተቀብሎ አኘከና ለእኔ አቀበለኝ።

"ይጣፍጣል" አልኩ።

"አዎ" አለ። "አገሩ ሁሉ ጣፍጧል።"

ወዲያው አፉን ያዘ። "አስተግፊሩላህ" አለ። 

ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹን ለረሃብተኞች መጠለያ መደበ። ወንድሜ እህል እየመዘነ ያድል ነበር። ተስቦ የያዘው በዚያ ነው። አንድ ቀን ምግብ ይዤ ስደርስ ክፍሉ ተኝቶ አገኘሁት። ጸጉሩን ተላጭቷል። ዓይኑ ቀልቷል። "አትጠጋኝ" አለኝ። "ለእማ ጉንፋን ነው በላት።"

ለእማ አልነገርኩም። በቀጥታ ሱቅ ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። ደንበኛ ፊቱ ቆሟል፤ ጨርቁ በግማሽ ተለክቷል። አባቴ መቀሱን አስቀመጠ። ሱቁን በቀትር ሲዘጋ ያን ቀን አየሁት። የገበያው ሰው ምን ሆነ እያለ ሲያየን በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተን ወረድን። መንገዱን ሙሉ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። "እኔ መሄድ አልተከለከልኩም" አለ፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ዙሪያ መደርደሪያ። መደርደሪያው ላይ ብልቃጦች ተደርድረዋል። ሽታው በር ላይ ይቀበላል። አባቴ በሕይወቱ ሙሉ የሸሸው ሽታ ነው። ጫማውን አውልቆ ገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"እንዴት ነህ?"

"አልሐምዱሊላህ አባባ። አይጠጉኝ፣ ይጋባል።"

አባቴ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ከዚያ ዓይኑ ጥጉ ላይ ያለው ጀሪካን ላይ አረፈ።

"ያ ነው?"

"እሱ ነው።"

"አልጨረስክም።"

"ዝናቡ ቀረ አባባ። አልጨረስኩም።"

እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ወንድምዬ ተውኩት በል፣ አንድ ቃል ብቻ በል፣ እያልኩ በልቤ ለመንኩት። አላለም። አባቴ ዓይኑን ከጀሪካኑ አነሳ። ከዚያ ተነሳና ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ወንድሜን ጠቀለለው።

"ተነስ፣ ቤት እንሂድ።"

"መሐላዎስ?"

"መሐላው የእኔ ነው። አንተ ተነስ።"

ሹፌሩ እያዘገመ ዳገቱን አወጣን። ቧንቧ ውሃ ስንደርስ ወንድሜ በራሱ እግር ካልሄድኩ አለ። እኔና አባቴ በግራና በቀኝ ያዝነው። ደጁ ላይ ሲደርስ ቆመ። ምን ሆነ ብዬ ሳየው ጫማውን ድንጋዩ ላይ ሊመታ እየሞከረ ነው። አንዴ መታ። እናቴ ከውስጥ ሰማች።

ጥቂት ቀን ቤቱ ተኛ። ሐኪም መጣ፤ መድኃኒት ተሰጠው። ሲሻለው ማጠፊያው የተሠራውን በር አይቶ "ጎበዝ" አለኝ፤ ሲብስበት ስለ ረድፎቹ ያወራል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እናቴ ውሃ ልታጠጣው ቀና ስታደርገው አለፈ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ያጠብነው አባቴ፣ ሸሁና እኔ ነን። ውሃ የማፈሰው እኔ ነበርኩ። አባቴ የወንድሜን ቀኝ እጅ ሲያጥብ ቆመ። ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው ድረስ ቆዳው ተኮማትሮ ያበራል፤ የቆየ ቃጠሎ ነው።

"ይሄ ምንድነው?" አለኝ።

"አልኮሉ ነው አባባ። ሲፈላ ተደፍቶበት።"

"ይፈላ ነበር እንዴ?"

"ይፈላል። ቅጠሉን የሚጥለው ሲፈላ ነው።"

አባቴ ጠባሳውን በጣቱ ዳሰሰው። ያን ሁሉ ጊዜ በዓይነ ኅሊናው ያየው ሌላ ነገር ነበር ማለት ነው፤ ብርጭቆ፣ ጨዋታ፣ ሳቅ። ልጁ የነገረውን ቃል በቃል ሰምቶት ነበር፤ ቅጠል አፈላበታለሁ ነው ያለው። አባቴ ያንን እጅ ደጋግሞ አጠበው። ሸሁ "ይበቃል" እስኪሉት ድረስ አልለቀቀውም። የከፈኑን አቡጀዲ ለክቶ የቆረጠው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም።

ከቀብሩ ማግሥት ከፋራውን ከፈለ። በዚያ ዓመት ድሀ ፈልጎ ማጣት አልነበረም። ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ ያ ሳቅ በተሳቀበት ቦታ፣ ሰዎች አስቀምጦ አበላ። ቅመም ነጋዴው ውሃ ሲያቀርብ ዋለ። ማንም አባቴ ቃሉን አጠፈ ያለ የለም። አባቴ ያን ያህል የፈራው ገበያ ይህ ነበር።

ክፍሉን ልናስረክብ ከአባቴ ጋር ኮምቦልቻ ወረድን። መሥሪያ ቤቱ ብልቃጦቹን የሚወስድ ሰው ልኮ ነበር። አባቴ ከመወሰዳቸው በፊት አንዱን አንስቶ ወደ መስኮቱ አደረገው። ውስጡ ክብ ክብ ነጫጭ ነገር አለ።

"ይህ ቅጠል ነው?"

"አዎ። አረንጓዴው ወጥቶለት ነው።"

አባቴ ብልቃጡን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አገላበጠው። ጨርቅ ሲገዛ እንደዚያ ነው የሚያየው። "ድሩና ማጉ ይታያል" አለ። "ደህና ሽመና ነው።" ቀስ ብሎ ለሰውዬው መለሰለት።

ጀሪካኑን ሰውዬው አልወሰደም። አባቴ ራሱ አንስቶ ወደ ግቢው ይዞት ወጣና መሬት ላይ አፈሰሰው። ባዶውን ግን አልጣለውም፤ እጁ ላይ ይዞት ቆመ። ጥበቃው አጠገባችን መጥተው "አላህ ይማረው" አሉ። ረድፎቹን አሳዩን። አብዛኛው ራስ ባዶ ነው። አንዱ ረድፍ ግን አጭርና ቀጭን ሆኖ ራሱን ደፍቷል፤ ትናንሽ ፍሬ ይዟል። "ይሄንን ይጠብቁልኝ ብሎኝ ነበር" አሉ። ዘሩንም በኋላ መሥሪያ ቤቱ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ጥናቱን የቀጠለው ሰው መኖሩንም አላውቅም።

ወንድሜ ስለሚሰጠውና ስለማይሰጠው ማሽላ ያለኝን ስነግረው፣ አባቴ አገዳ እንድሰብርለት ጠየቀኝ። በሕይወቱ እርሻ ያልሠራ ሰው ነው። ፍሬ ከያዘው ረድፍ ልጬ ሰጠሁት። አኝኮ ተፋው። "ገለባ ነው" አለ። ራሱ ባዶ ከሆነው ሰጠሁት። አኘከ። ቶሎ አልተፋውም።

"ይሄ ጣፋጩ ያልሰጠው ነው?" አለኝ።

"አዎ አባባ። ያልሰጠው ነው የሚጣፍጠው።"

"ይህን ለማወቅ ነበር?"

"የሚሰጠውን ለማግኘት ነበር።"

አባቴ ያኘከውን ምጣጭ በእጁ ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ባዶውን ጀሪካን ደሴ ድረስ በጉልበቱ ላይ አድርጎ መጣ። ቤት ሲደርስ ደጁ ላይ፣ ወንድሜ ጫማውን ይመታበት ከነበረው ድንጋይ አጠገብ አስቀመጠው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ እናቴም አታነሳውም።

ከፋራ አንድ ጊዜ ነው የሚከፈለው። አባቴ ግን በዓመቱ እንደገና ከፈለ፤ በቀጣዩም ዓመት ከፈለ። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ያደረገው ማልበስ ነው። በሦስተኛው ጊዜ ጨርቅ ስናወርድ ሸሁ ሱቅ መጡ።

"አንተ ሰው" አሉት፣ "አንድ መሐላ ስንት ጊዜ ይፈታል? ወርዶልሃል እኮ፣ ተከፍሏል።"

"መሐላው ተከፍሏል ሸሁ" አለ አባቴ። "እሱ ከደጅ የቆመው ግን አንድ ቀን አይደለም።"

ሸሁ ቀልድ ፈልገው ያጡ ይመስለኛል። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ደጃፉ ላይ ጨርቁ የሚሰጣቸው ሰዎች ይጠብቁ ነበር። አባቴ ጣቃውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። እኔ ያዝኩለት፣ እሱ ቆረጠ።